ዑመር ልብስ ሰፊው እግሩን የረሳ ዕለት

በደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መካከል ዑመር የስፌት መኪናው የማያርፍ ሰው ነበር። ምክንያቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ አንድ ልጁ የሱፍ ዕድሜው ደርሷል። ታሟል ተብሎ ከምዝገባው ቀርቷልና ቀን ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ተደብቆ ቁልፍ ይተክላል፣ ይዘመዝማል።

አባትና ልጅ አንድ ዘዴ ነበራቸው። የዑመር የስፌት መኪና እስከጮኸ ድረስ ሰላም ነው። ታጣቂዎች ለአፈሳ ሲመጡ ካየ እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል፤ መኪናው ዝም ሲል የሱፍ በኋላ በር ወጥቶ፣ አጥር ዘሎ፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ ዑመር የሚሰፋው ጨርቅ ባይኖረውም ባዶውን ይረግጣል። የደንበኛ ልክ እንኳ የሚወስድለት ጎረቤቱ ፈንታሁን ነበር። ገበያተኛው «ይህ ሰውዬ አየር ነው እንዴ የሚሰፋው?» እያለ ይስቅበታል።

ፈንታሁን ሬዲዮ ነበረው። ከሰዓት በኋላ አንድ ተራኪ ልብ ወለድ ሲያነብ በረንዳው ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ዑመር መጀመሪያ ላይ አልወደደውም፤ ዓይኑ ከመንገዱ መነቀል የለበትም። ነገር ግን ፍርሃት ተሸክሞ የከረመ ልብ ማረፊያ ሲያገኝ፣ እንደ ደከመ በቅሎ እዚያው ይተኛል። እጁ የለመደውን ይሰፋል፣ ተራኪው ይተርካል፣ በመካከሉ ዑመር የሚባለው ሰው ይጠፋል። ቀበሌ የለም፤ የወገብ ሕመም የለም። ትረካው ሲያበቃ ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ናት፤ መቼ እንደሄደች አያውቅም።

«ከየት መጣህ?» ይለዋል ፈንታሁን። «እጅጌውን ከኪሱ ጋር ልትሰፋው ነበር እኮ!»

«እንኳን እጅጌው፣ ራሴንም የት እንደሰፋሁት እንጃ።»

እግሩ ግን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ልቡ ቢሄድ እግሩ ይቀራል ብሎ አመነው።

ያን ዕለት በትረካው ውስጥ አንድ ነጋዴ በገመድ ጉድጓድ ወርዷል። ገመዱን ከላይ የያዘው ወንድሙ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ቂም አለው። ገመዱ ድንጋዩ ላይ ይፋተጋል። በረንዳው ላይ የሚያስል ሰው እንኳ የለም። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዑመር ካኪ ሱሪ እንደያዘ፣ ከነጋዴው ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

ጩኸት ሰማ። ከሬዲዮው አልነበረም፤ ከወንዙ ነው። ዝቅ ብሎ ቢያይ እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆሟል፤ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የጭነት መኪና የለም፣ ጠመንጃ የያዘ የለም። ታጣቂዎቹ በገሳይ መንደር በኩል ያፈሷቸውን ልጆች በወንዙ ዳር አቋራጭ እየነዱ ሲያልፉ ነበር፣ የሱፍ አጥር ዘሎ መካከላቸው የወረደው።

በማግስቱ ልጆቹ በታጎሩበት መጋዘን፣ በሽቦው አጥር በኩል ተያዩ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ምንም ኮቴ አልሰማሁም። ምን አይተው ነው ያቆሙት?»

ዑመር ሽቦውን ጨበጠ። «ሲመጡ አይቼ» አለ።

«እንግዲያ ከፊትም ከኋላም ከበውን ኖሯል» አለ የሱፍ፣ አባቱን ሊያጽናና። «ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ!»

የጭነት መኪናዎቹ ልጆቹን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከየሱፍ ወሬ አልመጣም፤ ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱ ታጨደ፣ አልመጣም።

እናቱ ዘምዘም ለሚጠይቃት ጎረቤት ሁሉ «እሳቸውማ እንደ ዘብ ሲጠብቁት ነበር፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ነቅለው አያውቁም፤ የአላህ ውሳኔ ሆነ እንጂ» ትላለች። ወደ ባሏም ዞራ «አይዞዎት» ትለዋለች። ዑመር ሊያስተባብላት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። እግሬ ሳላውቀው ቆመ ማለትስ ይቻል ነበር፤ ይህን ሰው ይረዳ ይሆናል። ያልቻለው ቀሪውን መናገር ነው። ልጁ በተያዘባት ቅጽበት እሱ በትረካው ደስ ብሎት ነበር።