ሻኛ የሌላት ላምና የምክር ቤቱ ጥያቄ

የዚያን ዘመን ምክር ቤት ስም በተነሣ ቁጥር ሰው ይስቃል። እጅ አውጥቶ የሚበተን ጉባኤ ነበር ይባላል፤ እንደራሴዎቹም አዲስ አበባ ቤት ለመሥራት የተመረጡ ባላገሮች ነበሩ ይባላል። ከሳቂዎቹ ጋር መቀመጥ ከደከመኝ ቆይቷል። ምክር ቤቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደህና ጥያቄ መጠየቁን አውቃለሁ፤ መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከብት በሚያስከትብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአውራጃ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ስለ ለወጠ ብጽፈውም የሚያስታውሰው አይገኝም። እንግሊዝኛ አውቅ ስለነበር ማስተርጎሙም የእኔ ሥራ ነበር። ሠላሳ አልሞላኝም። የማገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ከአለቃዬ በቀር ሰው ሁሉ ሞኝ ይመስለኝ ነበር፤ ቆይቼ አለቃዬንም ጨመርኩበት። ራሴን ለመጨመር ግን ብዙ ዓመት ወስዶብኛል።

ቅርንጫፉ አንድ አዋጅ ነጋሪ ነበሩት። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የነተበ በርኖስ የማይለያቸው የአንኮበር ሰው ናቸው። ክትባት የሚሰጥበት ቀንና ሜዳ ሲወሰን ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ለሕዝቡ ይናገራሉ። ጠዋት አይናገሩም። ጠዋት ሰው ሐሳቡ ገብሱ ላይ ነው ይላሉ። ሽያጩ ሲቀዘቅዝ፣ ሰው አህያውን መጫን ሳይጀምር በፊት፣ በሬ ተራ አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ይወጣሉ። ንግግራቸው አጭር ነው። ሲጨርሱ ወርደው ከሕዝቡ መካከል ያልሰማ የሚመስለውን ሰው ፈልገው ፊቱ ይቆማሉ።

«ምን አልኩ?»

ሰውየው ይደግማል። ከሳተ ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ወጥተው በሌላ ቃል ይናገራሉ። ወርደው ሌላ ሰው ይጠይቃሉ። አንዳንድ ቅዳሜ አምስት ጊዜ ሲወጡና ሲወርዱ አይቻለሁ። ቆላ ወርደው አልዩ አምባ ገበያ ሲናገሩ ደግሞ ነጋዴዎቹ ከሶላት እስኪመለሱ ይጠብቁና በሰላምታ ይጀምራሉ፤ ማብቂያው ግን ያው ነው፤ ምን አልኩ?

ከዕለታት አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ዘመናዊ የማስታወቂያ ሥራ ተጀምሯል የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ተከትሎ ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የተተከለባት መኪና መጣች። መኪናዋ ውጭ አገር የታተመ ባለ ቀለም ሥዕል ጭና ነበር። አለቃዬ አጋጣሚውን አይቶ አዋጅ ነጋሪው ቢሰናበቱ ወጪ ይቆጠባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ጸደቀ፤ የምስጋና ደብዳቤም ተጻፈለት። ደብዳቤውን በመስታወት አስገጥሞ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው። የሰውየው ደመወዝ የመኪናዋን የሳምንት ቤንዚን አይሸፍንም ነበር፤ ይህን ግን በመስታወት ያስገጠመ የለም።

ሥዕሉ ላይ አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው መርፌ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆነች፣ የደለበች የፈረንጅ ላም አለች። ላሟ ሻኛ የላትም። ሥዕሉ በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ፣ በጠጅ ቤቶች በር፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አዋጅ ነጋሪው ቢሰናበቱም ልማዳቸው አልተሰናበተም ነበርና ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመው እህል ሊያስፈጭ የመጣውን ሁሉ ሥዕሉ ምን እንደሚል ይጠይቁ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ያቺን ላም ከግድግዳው አውርዷት» አሉኝ።

«ምን ሆነች?»

«መርፌው ሻኛ ያወርዳል ብላ ትናገራለች። አሥራ አንድ ሰው ጠይቄ ዘጠኙ እንደዚያ አለኝ። ሁለቱ ላሚቱ የማን ናት ብለው ጠየቁኝ።»

ለአለቃዬ ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ታትሟል» አለኝ። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅሁም።

የክትባቱ ቀን ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ከታቢዎቹ መድኃኒታቸውን በበረዶ ሣጥን ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ንፋስ ተቀመጡ። የመጡት የአለቃዬ ሁለት ላሞችና የፖሊስ ጣቢያው አንድ በሬ ነበሩ። ባላገሩ ከብቱን ወደ ገደሉ ሥር ነድቶ ሸሽጎ ነበር። መሬቱን የሚያርስለት በሬ ሻኛው ቢወድቅ ቀንበሩን በምን ያስደግፈው? በዚያው ክረምት ደስታ የሚባለው ከብት ፈጅ በሽታ ገባ። ገበያ ላይ የቆዳ ዋጋ እንዴት እንደ ወረደ አስታውሳለሁ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምክንያቱን እንዲያጠና አንድ የውጭ አገር አማካሪ ቀጠረ። ፈረንጅ አማካሪ መስደብ ዛሬም የተማረ ሰው ወግ ነው። ይህኛው ግን ጆሮ ነበረው። ብርዱን በሁለት ካፖርት ችሎ በየገበያው ዞረ፤ ወደ አዋጅ ነጋሪው ወሰድኩት፤ የሚሉትን ተረጎምኩለት። በመጨረሻ የጻፈው ሪፖርት ወፍራም ነበር። ዋናው ቃሉ ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ሥዕሉ ይነሣ፣ ሰውየው ወደ ሥራቸው ይመለሱ፣ ሌሎችም የእሳቸውን አሠራር ይማሩ ይላል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ያነበብነው እኔና የጻፈው አማካሪ ነን።

ባላገሩ የጮኸው ወደ መረጠው እንደራሴ ነበር። እንደራሴው ቀድሞ ዳኛ የነበሩ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥተው መሥሪያ ቤቱ ለማስታወቂያና ለአማካሪ ስንት አወጣ፣ በዚህስ ስንት ከብት ተከተበ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴውም ሦስት እንደራሴዎች ሆኖ ደብረ ብርሃን መጣ።

አለቃዬ በግ አሳረደ። ነገሩ ደግነት ብቻ አልነበረም። በአገራችን የሰው እንጀራ ቆርሶ እዚያው ባለቤቱን መመርመር ነውር ነው፤ ይህን አለቃዬም እንግዶቹም ያውቃሉ። ሁለቱ ተቀምጠው በሉ። ዳኛ የነበሩት ግን እጃቸውን አልታጠቡም።

«ጾም ላይ ነኝ» አሉ።

«ሐሙስ እኮ ነው ጌታዬ፤ የምን ጾም ነው?» አለ አለቃዬ።

«የራሴ።»

እስኪበላ ድረስ ውኃ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ቢሮ ሄድን። የበሉት ሁለቱ ስለ አየሩ ብርድ ጠየቁ። እሳቸው ቁም ሣጥኑን አስከፍተው ሪፖርቱን አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። አለቃዬ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

«ይህ ምን ይላል?»

ገጹን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ልከፍተው እችል ነበር።

«በሰፊው ተጠንቷል፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ስፋቱንማ አያለሁ።»

ዝርዝሩ በጽሑፍ ይደርስዎታል አልኩ። እሳቸውም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ተናገሩ። «የአዋጅ ነጋሪውን ነገር አትዝለል። ለምን እንደ ተሰናበቱ የሆነውን ጻፍልኝ። ኮሚቴው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ከእናንተ ወረቀት ካልመጣ ግን እጄ ባዶ ነው።»

ይህን ሽማግሌው አዋጅ ነጋሪም ሰሙ። በማግስቱ መጥተው መልሱ መቼ እንደሚጻፍ ጠየቁኝ። ጡረታ የላቸውም። ሥራው ካልተመለሰላቸው የኪራይ ክፍላቸውን ለቅቀው አንኮበር፣ የልጃቸው ባል ቤት መግባታቸው ነው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ስናገር ሰው ሰማ» አሉኝ፤ «እዚያ ደግሞ አማቼ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ።»

መጀመሪያ የጻፍኩት መልስ ሁሉም ነገር ነበረበት፤ ላሟም፣ ሻኛውም፣ ገጹም። አለቃዬ አንብቦ መለሰልኝ። «ይህ መልስ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው» አለ። «የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።» አልጮኸብኝም፤ እባረራለሁ ብዬ የምፈራበት ቃልም አልተናገረም። ብዙ ጊዜ ሳስበው የሚያደክመኝ ይህ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጽሑፍ ማሳመር እንደምችል ለማሳየት ያህል፣ ተቀምጬ ሁለተኛውን ጻፍኩ።

ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ሕዝቡ ሥዕላዊውን ማስታወቂያ በከፍተኛ ትኩረት ተመልክቶታል አልኩ፤ ተመልክቶታል። ማስታወቂያው እንደ ደረሰውም ስለ ከብቶቹ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ወስዷል አልኩ፤ ወስዷል። የአማካሪው ጥናት ሙሉው ከዚህ ጋር ተያይዞ ቀርቧል አልኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ሳይተረጎም፣ ተያይዞ ሄደ። ሐሰቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀድሞው አዋጅ ነጋሪ በዕድሜ ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ከሥራ አርፈዋል ይላል። አለቃዬ ፈርሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደብዳቤው የወጣ ዕለት ሽማግሌው መጥተው ቀሪውን ግልባጭ አንብብልኝ አሉ። መሸሻ አልነበረኝም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ሰሙ።

«ያምራል» አሉ ስጨርስ። «ገበያ ላይ ብናገረው ግን አንድ ሰው አይቆምልኝም።»

ግልባጩን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ልከት ጀመርኩ።

«ምን አልክ?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ ... በፈቃዳቸው አርፈዋል ይላል።»

«እሱንማ ሰማሁት። አንተ ምን አልክ ነው የምልህ።»

ዓይናቸው የገበያው ዓይን ነበር፤ ያልገባው ሰው እስኪገባው የሚቆም።

«አይመለሱም አልኩ» አልኳቸው።

«አሁን ገባኝ» አሉ። ተሳድበው ቢወጡ ደስ ባለኝ። ደህና ዋል ብለውኝ ወጡ፤ ቅዳሜ ከገብስ ነጋዴዎች ጋር አንኮበር ወረዱ።

ኮሚቴው መልሱን በቂ ሆኖ አገኘው። ሁለት ለአንድ። ወጪው በደንቡ መሠረት የወጣ ሆኖ፣ ማስታወቂያ ለሕዝቡ የሚደርስበት መንገድ ግን በአማካሪ እንደ ገና ቢጠና ይሻላል ተባለ። ስለዚህ በዓመቱ ሌላ ፈረንጅ መጣ። ይዤው አንኮበር ወረድኩ። ሽማግሌው ከአማቻቸው አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። አማካሪው በእኔ አፍ ጠየቃቸው፤ ለሕዝብ ነገር እንዴት ይነገራል?

እኔን አዩኝ። «ለዚህ ነግሬዋለሁ» አሉ። «ያስታውስ እንደሆነ እሱን ጠይቀው።»

«ምን አሉ?» አለኝ አማካሪው።

ያሉትን ነገርኩት፤ ቀጥዬም ድንጋዩን፣ ሰዓቱን፣ ወርዶ መጠየቁን፣ ላሟን፣ ሁሉንም ሳላሳምር ነገርኩት። አንድም ሳያስቀር ጻፈው። ይህም እንደ ፊተኛው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነበር።