ወንድሜ ሞተር የጋለበ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አንድ ሞተረኛ በበራችን ሽው ብሎ ሲያልፍ የቤንዚኑ ሽታ ግቢው ውስጥ ቀረ። ልጆቼ አፍንጫቸውን ያዙ፤ እኔ ግን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ይገርምሃል፣ በጣልያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሞተር ያጥብ ነበር። የጋራዡ መካኒክ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ ጣልያን ነው። አለቆቹ ሳያዩ ወንድሜን ሞተር መንዳት አስተማረው። እናታችን ይህን የሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። አባታችን በጦርነቱ ቀርቷላ!

"አባትህን የገደሉት ሰዎች ብረት ላይ ተፈናጥጠህ ማንን ልታኮራ ነው?" አለችው።

አንገቱን ደፋ። ሞተሩን ግን አልተወም።

አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ገለባ ብቻ ሲቀር ወታደሮቹ የሞተር እሽቅድድም አዘጋጁ፤ ጉድባውንና ድንጋያማውን ዳገት አቋርጦ የሚዞር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን ወባ ጣለውና መካኒኩ በሱ ቦታ ወንድሜን አስገባ። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ሱሪውን ስጠግንለት ጎረቤታችን፣ ሙስሊሙ የቆዳ ነጋዴ፣ ቁራጭ ቆዳ ይዘው መጡ።

"ጉልበቱ ላይ ደርበሽ ስፊው፣ ልጄ። መውደቅ አይቀርም።"

እውነታቸውን ነው፤ ጉድባው ላይ ወደቀ። ሁለት ወታደሮችም አብረውት ወደቁ። እነሱ አቧራቸውን ሲያራግፉ እሱ ሞተሩን አቅፎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የታየኝ በፀሐይ የሚያበራ የገለባ ብናኝ ብቻ ነው። ከብናኙ መሀል አንደኛ ሆኖ ወጣ። መካኒኩ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ፤ ዞር ስል እናቴ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እልል ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

ድሉ ግን ዓይን ውስጥ አስገባው። በሳምንቱ አዛዡ፣ በዲማ በኩል አርበኞችን ሊያስስ የሚወጣውን ጦር በሞተር ከፊት ሆኖ እንዲመራ አዘዘው። ያን ዕለት መካኒኩ ቆዳ ነጋዴው ጎረቤታችን ሱቅ ድረስ መጥቶ አገኘኝ። በተሰባበረ አማርኛ፣

"ወንድም ነገ እዚህ የለም። ይሂድ፣ ይሂድ" አለኝ።

ነጋዴው ስንቅ ቋጠሩለት። እናቴ ግንባሩን ስማ፣ "ሂድ፤ ያባትህ አምላክ ይከተልህ" አለችው። በደብረ ኤልያስ በኩል በእግሩ ወጥቶ ከአርበኞቹ ተቀላቀለ። መካኒኩን ወሰዱት አሉ። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ አርበኛ ወደ ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ገና ሳይናገር እናቴ ገባት። ለቅሶው በረድ ሲል ሰውየው እንዲህ አላት፦

"እሜቴ፣ ስለዚያ የሞተር እሽቅድድም ሁልጊዜ ያጫውተን ነበር። ታዲያ 'አሸነፍኩ' አይልም፤ 'አሸነፍን' ነው የሚለው። ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ ነው?"

እናቴ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች።

"እሱ፣ ይቺ እህቱ፣ ነጋዴው፣ ያ ጣልያን። አራት።"

"አምስት" አልኩ እኔ፣ ያ እልልታዋ ትዝ ብሎኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። አራቱን ጣቶቿን እንዳጠፈች፣ አውራ ጣቷ ብቻዋን እንደቆመች፣ ብዙ ቆየች።