ድንጋዩን የጫንኩት እኔ ነኝ

ይህን ኩሽና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጠዋት እንቁላል ለታቀፈችው ዶሮዬ በቆሎ ይዤ ጓሮ ስወጣ መሬቱ ጠቁሮ ይንቀሳቀሳል። ገብረ ጉንዳን! ዝናቡ ከቡናው ሥር አስወጥቶት ቀጥታ ወደ እሷ ይተማል።

የሰፈሩ ድመት እንዳትደርስባት ብዬ ቅርጫት ደፍቼባት፣ ከላይ ድንጋይ ጭኜበት ነበር። ብልጥ መሆኔ ነው!

ጮህኩ። ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ አመድ በሳፋ ይዘው ሮጠው መጡ።

"ያ ረቢ! ውሃ እንዳትደፊ፣ አመድ በትኚ! ድንጋዩን አንሺላት!"

ቅርጫቱን ሳነሳው ዶሮዋ አልሸሸችም። ጉንዳኑ ዓይኗ ዙሪያ ነክሶ ይዟት ክንፏን ዘርግታ እንቁላሎቿ ላይ ተለጥፋለች። በግድ ሳነሳት ከሥሯ የጫጩት ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ተፈልፍለዋል። አንዱ አይንቀሳቀስም።

የተረፉትን ከነእናታቸውና ከነቀሩት እንቁላሎች ኩሽና አስገባኋቸው። አዴ ዘይነባ ግን ሲወጡ "ጉንዳኑ መንገዱን ለምዷል፣ ይመለሳል" አሉኝ።

አሁን ዙሪያውን አመድ ነስንሼ፣ ቅርጫቱን ያለ ድንጋይ ደፍቼ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። ድመቷ መስኮቱ ላይ ሆና ታየኛለች።

የጅማ ልጆች፣ ገብረ ጉንዳን ቤታችሁ ገብቶ የሚያውቅ እስቲ ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ ድንጋዩን ትመልሱታላችሁ?