ሀብተሚካኤልና የዱባው ሐረግ

ሀብተሚካኤል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብረት በይዷል። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ የእሱ እጅ ያላረፈበት የግቢ በር ማግኘት ይከብዳል። ደንበኛ ይመጣል፤ ስልኩን አውጥቶ «ይሄን የመሰለ ሥራልኝ» ይላል። ሁለት አንበሳ ፊት ለፊት፣ ከላይ የፀሐይ ጨረር። ሀብተሚካኤልም እንከን የማይወጣለት አድርጎ ይሠራል፤ ከአንበሳ ጋር ግን በልቡ ከተኳረፈ ቆይቷል።

አምና ግንቦት ላይ ከባድ በር ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ። ሐኪሙ «ሦስት ወር ብረት እንዳትነካ» አለው። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ለራሱም አይመች፣ ለሌላውም አይመች። በሳምንቱ ሚስቱ ሥርጉት መረራት።

«በል፣ በርጩማህን ይዘህ ጓሮ ውጣ። ያችን ቁራሽ መሬት እንኳ ጫር ጫር አድርጋት።»

ጓሮው ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። የዱባ ፍሬ የሰጡት ጎረቤቱ እማማ ዳሲቱ ናቸው፤ ሰፈሩ ከተማ ሳይሆን በፊት አባታቸው እዚያው ያርሱ ነበር። ጎመንና ጤና አዳም ከጎኑ ተተከለ። ክረምቱ ሲገባ ዱባው አበደ። ሀብተሚካኤል የሙያ ነገር ሆኖበት ገመድ ወጥሮ ቀጥ ባለ መስመር አሰረው።

እማማ ዳሲቱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ሳቁበት።

«አንተ ልጅ፣ ዱባ እኮ ብረት አይደለም። ልቀቀው፤ የሚይዘውን ራሱ ያውቃል።»

«መንገድ ላይ ቢወጣስ፣ እማማ?»

«ሲወጣ ትመልሰዋለህ። አትሰረው ግን።»

ፈታው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዱባውን ማየት ሥራው ሆነ። አንድ ቀን፣ ሐረጉ አጥሩን የሚጨብጥበትን ቀጭን ክር ልብ ብሎ ሲመለከት፣ ክሩ እስከ ግማሹ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ መሃል ላይ ትንሽ ቀጥ ይልና የቀረውን ወደ ግራ ይዞራል። ሌላውንም አየ፤ ያው ነው። በጣቱ ሳብ ሲያደርገው ተለጠጠ፣ ሲለቀው ተመለሰ። ስንት ዓመት ብረት ሲጠመዝዝ አንዴም እንዲህ አላሰበም።

«ሥርጉት! ነይ እስቲ!»

«ምነው? ወገብህ ነው?» እጇን ሳትጠርግ ሮጠች።

«ወገቤ አይደለም፣ ዱባው ነው!»

መስከረም ላይ ሐኪሙ ሲፈቅድለት ቀጭን የቶንዲኖ ብረት በሞርሳው መንጋጋ ቆንጥጦ አሰረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብረቶች ከቀኝ ወደ ግራ መዞሪያቸው ላይ ተሰነጠቁበት። አራተኛውን አግሎ፣ ሳይቸኩል፣ የዱባው ክር እንደሚሄደው ቀስ እያለ አዞረው፤ እሺ አለው። የዚያን ዕለት ራት ሲበላ እንኳ ብረቱን ከጎኑ አስቀምጦ ነበር። በአንድ ወር የራሱን ግቢ አሮጌ ቆርቆሮ በር አውልቆ የብረት ዱባ ሐረግ በሚሳብበት አዲስ በር ተካው። ቅጠሎቹን ከላሜራ የቆረጣቸው እውነተኛውን ቅጠል አጠገባቸው ዘርግቶ ነው።

«ይሄ ቀዳዳስ?» አለችው ሥርጉት አንዱን ቅጠል እየነካች።

«ትል በልቶታል» አላት ኮራ ብሎ።

ብዙም ሳይቆይ ሳሪስ ልብስ የምትነግድ ሳፊያ የምትባል ሴት ለአዲስ ቤቷ በር ልታዝ መጣች። የአንበሳውን ፎቶ ይዛ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ይሄንኑ ይሥሩልኝ።»

«ይሄ የኔ ቤት ነው፤ የእርስዎን ከሌላ እናወጣለን። ይግቡ፣ ይምረጡ» ብሎ ወደ ጓሮ መራት።

ሳፊያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተክል ተክል ስትዞር ቆይታ ጤና አዳሙ ላይ ቆመች። ቅጠሉን አሸት አድርጋ አሸተተችና «ይሄን» አለች።

ዛሬ የሀብተሚካኤል ደንበኛ ስልክ ማሳየቱን ትቶ በጓሮ በኩል ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ ቅል ለመትከል ቆርጧል። ሥርጉት ቦታው ለቲማቲም ነው ብላ ስትከራከረው ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እሱ ግን አጥሩ ሥር ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል።