በገበያ ቀን ቤት የሚቀረው ማን ነው?

እህቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ስለ እሷ ለመጻፍ ስቀመጥ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ቀድጄ ጣልኳቸው፤ ስለ ደግነቷ ብቻ ነበሩ። ደግ ነበረች። ግን ደግነት ለብቻው እሷን አይመስልም። ስለዚህ አሁን በአንድ ጥያቄዋ ልጀምር።

እህቴ በልጅነቷ ፖሊዮ አንድ እግሯን ስለጎዳው በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ሥራ የጀመረችው በዱቦ ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየዞረች፣ ከቤት የማይወጡ አካል ጉዳተኞችን በመጎብኘት ነው። ኋላ ሶዶ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ኃላፊ ሆነች። በመጨረሻ ደግሞ አማካሪ ተባለች። ራሱን ችሎ መነሳት የማይችልን ሰው ዓመት ከዓመት ማን ይንከባከበው፣ እንዴትስ ይንከባከበው የሚል መመሪያ ለቢሮዎች ታዘጋጅ ነበር። እናታችን፣ ምክርማ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰጠን ኖሯል፣ የአንቺ በምን ተለየ ትላት ነበር። እህቴም፣ የእኔን በሦስት ኮፒ ይፈልጉታል ብላ ትመልስላታለች።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። በሞተር ሳይክል ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ዋና ደንበኛዬ እሷ ነበረች። ምርኩዟን ከጎን አስረን ወደ በዴሳ፣ አንዳንዴም እስከ ቢጠና እንወርዳለን። እሷ ስትሠራ እኔ ደጅ እጠብቃለሁ። ሥራዋን ያወቅሁት እንዲሁ በመጠበቅ ነው።

የቢሮ ሰዎች አካል ጉዳተኞችን ሲመዘግቡ በር ላይ ቆመው፣ በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ የለም ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። በእኛ ዘንድ ደጅህ የቆመ እንግዳ ስለ ቤትህ ሲጠይቅህ ደህና ነን ነው የምትለው። ጓዳህን ለማታውቀው ሰው አትዘረግፍም።

እህቴ ስለ ጉዳት አትጠይቅም ነበር። ትቀመጣለች። ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ከዚያ፣ "በገበያ ቀን ቤት የሚቀረው ማን ነው?" ትላለች።

ይህን መመለስ አያሳፍርም። ቤት ሰው ሳይኖርበት አይተውም። ልጄ ይቀራል ይላሉ፣ አባቴ ይቀራሉ ይላሉ። እንዲያውም እንደ ኩራት ነው፤ የሚቀረው ሰው ቤት ጠባቂ ነዋ። እሷም፣ እንግዲያው ቤት ጠባቂውን ሰላም ልበል ብላ ምርኩዟን ታነሳለች። በዚህ ጥያቄ ስንት የጓዳ በር ሲከፈት አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ታመመች። ከወገቧ ጀመራት። ትንሽ ቆይቶ ምርኩዙም አላቆማት አለ፣ አልጋ ላይ ዋለች። እናቴ ታጥባታለች፣ እኔ አነሳታለሁ። መመሪያውን እዚያው ተኝታ ትጽፍ ነበር፤ እጇ ሲደክም እኔ እጽፍላታለሁ። የገበያዋን ጥያቄ መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ምዝገባ በሚለው ሥር፣ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት መዝጋቢ ወደ ቤታችን መጣ። ቀበሌያችን ውስጥ ምዝገባ ነበር፣ በድሮው ቅጽ። እኔ በር ላይ ሞተሬን አጥባለሁ። ሰላም አለኝና፣ በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ አለ።

"የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" አልኩት።

አመስግኖ ሄደ። ያልኩት ነገር የገባኝ ባልዲውን ካነሳሁ በኋላ ነው። የእሷ መስኮት ክፍት ነበር።

ስገባ እየሳቀች አገኘኋት። "እኔንም ደበቅኸኝ፣ ወንድሜ?" አለችኝ።

ሮጬ ልጥራው አልኩ። ተወው፣ ሌላ ቀን ይመጣል አለች። ስቃ ስትጨርስ፣ ይህን መመሪያው ውስጥ ላስገባው፣ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል አለችኝ። እንዳታስገባው ለመንኳት። አፍሬ ነበር። እሺ አለች፣ አላስገባችውም። ከሁለት ወር በኋላ አረፈች። መዝጋቢው እስከዚያ አልተመለሰም።

ከሞተች በአራተኛው ወር ለቤተሰቡ የጥሪ ወረቀት መጣ። መመሪያው ሶዶ ላይ በስብሰባ ሊጸድቅ ነው፤ ለመታሰቢያዋ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል ይላል። እናቴ አልችልም አለች። እኔ የአጎቴን ኮት ተውሼ ሄድኩ፤ ኮቱ ሰፋኝ። በፍሬም የተሠራውን ወረቀት ተቀብዬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ኋላ ተቀመጥኩ። እዚያ ላይ መውጣት እችል ነበር።

ግን መመሪያውን በየገጹ ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ሲነበብ የገበያዋ ጥያቄ የለም። በቦታው የድሮው የበር ላይ ጥያቄ ተመልሶ ገብቷል። ረቂቁን ያነበበች አንዲት ሴት ለምን ወጣ ብላ ጠየቀች። የእህቴን ጥያቄ ከመመሪያው ያስወጣው ባለሙያ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። በገበያ ቀን አራስም ትቀራለች፣ የሚያጠና ተማሪም ይቀራል፣ በዚህ መመዝገብ አይቻልም አለ። ነገሩ እውነት ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢዋ ወደሚቀጥለው ገጽ እንለፍ አለች።

እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ቤት የምንናገረው ወላይትኛ ነው፤ ስደነግጥ አማርኛዬ ወንዱንም ሴቱንም ያደባልቃል። ፍሬሙን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። የመዝጋቢውን መምጣት፣ ባልዲውን፣ መስኮቱን፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ብዙ ቦታ ላይ ቃል እየፈለግሁ ቆምኩ። ማንም አላቋረጠኝም። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦

"በየቤቱ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ይህን መመሪያ የምትጽፈው እህቴ ውስጥ ተኝታ፣ እኔ የለም አልኩ። እኔ የለም ካልኩ፣ ማን አለ ይላችኋል?"

ባለሙያው ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ ስትሰማ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ሳቀች አልኩት። እሱም ሊስቅ ብሎ ተወው።

"እንግዲያው ሁለቱም ይግቡ" አለ። "በእሷ ይጀመር፣ የእኔ ይከተል።"

ቤት ስደርስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ የደበቅሁትንም ጭምር። እሷ ለካ ያን ቀን ከጓሮ ሆና ሰምታኝ ነበር። እኔም ብሆን የለም ነበር የምለው አለችኝ። ፍሬሙን ከአልጋው በላይ ሰቀልነው።

ባለፈው ወር አዲሱ ምዝገባ ተጀመረ። ወደ እኛ ቀበሌ የመጣው ያው ወጣት መዝጋቢ ነው። እኔን አላስታወሰኝም። ቆሞ አልጠየቀኝም፤ ተቀመጠ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ትንሽ ቸኮል ቢልም። ከዚያ በእሷ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"አሁን ማንም አይቀርም" አልኩት። "ቆልፈን ነው የምንሄደው።"

እውነት ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ቁልፍ የገዛነው።

ወደሚቀጥለው ቤት እኔው ወሰድኩት። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጓዳዋ ውስጥ ትልቅ ልጅ እንዳላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድምፁን እንሰማለን። ማንም ግን አንስቶባት አያውቅም፣ እህቴ እንኳ። የጎረቤቴን በር እሷው እስክትከፍተው እጠብቃለሁ ትል ነበር።

መዝጋቢው ተቀመጠ። በቆሎው እንዴት ነው አለ። ሴትዮዋ ስለ በቆሎው ነገረችው። ከዚያ ጠየቃት።

እኔን አየችኝ። መሬት መሬት አየሁ።

"ልጄ ይቀራል" አለች።

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አላወጣም። እንግዲያው ቤት ጠባቂውን ሰላም ልበል አለ። ይህ መመሪያው ውስጥ እንደ ተጻፈ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የጓዳውን በር ልትከፍት ሄደች።