ሁሉም ያየው መልእክት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር የምሠራበት የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት አዲስ የሥራ መተግበሪያ አስገባና ሠራተኛውን ሁሉ ለስልጠና ጠራ። አሰልጣኙ ትሑትና ተጫዋች ወጣት ነው። መቼም ደግ ነገር የተናገረ መስሎት «ከእንግዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት ማንም ሰው ብቻውን አይወስንም!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረችው የሒሳብ ሠራተኛ «አመመሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላመመኝም። ተናድጄ ነው። በልጁ አይደለም፤ እሱ ምን ያውቃል! ያናደደኝ ከመተማ ቆላ ይዤው የመጣሁት የቆየ ነገር ነው።

ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበርሁ። ከሸሕዲ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የነበረው አንድ ኩባንያ የካምፕ ንብረት ጠባቂ አድርጎ ቀጥሮኝ ናፍጣ፣ ዘርና ዱቄት እየተረከብሁ አድል ነበር። ካምፕ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ጥቂት የሣር ዳሶች፣ አንድ ትራክተር ከነተጎታቹ፣ በቃ። ቆላን በክረምት ያላየ ሰው ዋልካን አያውቅም። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው ሊጥ ይሆናል፤ ጫማ ያስወልቃል፣ መኪና ይውጣል። ክረምት ከገባ ከዚያ ካምፕ የሚወጣ ነገር ቢኖር ትራክተር ብቻ ነው። ሙቀቱ ደግሞ እየዘነበም አይለቅም። ምግባችን የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በዚያ ደርቆ በተፈጨ ባሚያ የሚሠራ ወጥ ነበር። ከድንበር ማዶ የሚመጣ ከርከዴም፣ ያንን ቀይ የአበባ ሻይ፣ እናፈላ ነበር። ዛሬም ከርከዴ ስጠጣ የናፍጣ ሽታ አብሮ ይመጣብኛል፤ ሁለቱንም አንድ መጋዘን ውስጥ አስቀምጣቸው ስለነበር ይሆናል።

ኩባንያው ለየካምፑ ንብረት ጠባቂና ሾፌር ዘመናዊ ስልክ አድሎ ሁላችንንም አንድ ግሩፕ ውስጥ ያስገባን በዚያው ዓመት ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ቀድሞ ካምፕ ከካምፕ አይተዋወቅም። የአንዱ ትራክተር በአንድ ኩሽኔታ ምክንያት ቆሞ ሲዝግ፣ ያው ኩሽኔታ ጎረቤት ካምፕ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። አሁን አንዱ «ያለው ሰው?» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «እኔ ጋ አለ» ይላል፣ ሥራ ይቀጥላል። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ በአንድ ጊዜ እናውቃለን። ኔትወርክ የሚይዘው ከዳሱ ጀርባ ካለው ኩይሳ አናት ላይ ብቻ ስለነበር ተራ እየጠበቅን እንወጣ ነበር። የትራክተር ሾፌራችን ኢድሪስ፣ የመተማ ዮሐንስ ልጅ፣ አረብኛና አማርኛ እያቀላቀለ የሚልከው የድምፅ መልእክት ካምፑን ሁሉ ያስቅ ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ ያሉት ኃላፊዎች ግሩፑ ውስጥ ገቡ። ሳቁ ቆመ። ወዲያው መመሪያ ወረደ፤ ሦስት ኃላፊዎች ግሩፑ ላይ ካላጸደቁ በቀር ትራክተር ከካምፕ አይወጣም። የካምፑ ኃላፊ አያ ተገኘ ያንን መሬት ጫካ ሳለ ጀምረው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። መልእክቱን ሳነብላቸው ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው «እንግዲህ ጭቃውንም ያስፈቅዱልና» አሉ።

ነሐሴ ላይ፣ የአረም ሰሞን፣ አያልነህ የሚባል የጎጃም ልጅ ታመመ። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከሚወርዱት አንዱ ነው፤ ዝምተኛ፣ ታታሪ። ያን ዕለት ጠዋት ከዳሱ አልወጣም። ስገባ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሰውም አይለይም፤ እኔን «እቴቴ» እያለ ይጠራኛል። አብሮት የመጣው ያገሩ ልጅ እግሩን አቅፎ «ኧረ በማርያም! ኧረ ወንድሜን አድርሱልኝ!» ይላል። ወባ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት። እዚያ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምሳ ሰዓት ድረስ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም።

ጆንያው ላይ እንደተኛ ፎቶ አነሳሁትና ኩይሳው ላይ ወጥቼ ከመልእክት ጋር ላክሁ። «ሠራተኛ በጠና ታሟል፣ ወደ ሸሕዲ ለመውሰድ ትራክተር ይፈቀድልን» ብዬ። ታየ። ሁሉም አየው። አንዱ ኃላፊ አውራ ጣት ሰቀለ። ሌላው የተጋጠሙ እጆች ልኮ «እግዚአብሔር ይማረው» አለ። ሦስተኛው «ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ብሎ ጻፈ። አውራ ጣቷ «እሺ» ትሁን «አይቻለሁ» ማን ይንገረኝ? ከሦስቱ መካከል ለዋናው ደወልሁ።

«እህቴ፣ ግሩፑ ላይ አስፍሪው» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«አስፍሬያለሁ፤ ጌታዬ፣ ሰውየው እየሞተ ነው!»

«ገብቶኛል። ግን በስልክ የተባለ ነገር የትም አይታይም። ሌሎቹ ይጻፉና እኔም እጽፋለሁ።»

ሌሎቹ ደግሞ እሱን ይጠብቃሉ።

ወርጄ ነገርኋቸው። አያ ተገኘ ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ደመናው እንደገና እየጠቆረ ነበር። ኢድሪስ ትራክተሩን ተደግፎ «አያ፣ ምን ይላሉ?» አላቸው።

«ልጄ፣ ዝናቡ ከጀመረ ትራክተርም አያልፍ» አሉት። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። «እኔ ጸሎት ላይ ነኝ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው የሞተር ድምፅ አይሰማም።»

ኢድሪስ ሌላ ቃል አልጠበቀም። አያልነህን ጆንያ አንጥፈን ተጎታቹ ላይ አስተኛነው፤ እኔ ራሱን፣ ያገሩ ልጅ እግሩን ያዝን። መንገዱ መንገድ አልነበረም። ጎማው እየተሽከረከረ ጭቃውን ፊታችን ላይ ይረጨዋል። አንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ ጎርፉ ሞልቶ ኢድሪስ ቆመ፤ ወርዶ በዱላ ለካውና ሲመለስ «ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ አጥብቀሽ ያዥው፤ ወይ አብረን እንሻገራለን፣ ወይ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። እንዴት እንደተሻገርን አላውቅም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ሸሕዲ ስንገባ ሐኪሟ አያልነህን አይታ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለችና ቀሪውን ሳትጨርስ መርፌዋን አነሳች። አያልነህ ተረፈ።

ጭቃችንን እንኳ ሳንታጠብ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስልኬ ጮኸ። ስጠብቃቸው የነበሩት ሦስቱም ትራክተሩ መውጣቱን ሰምተው አንድ ላይ ነቅተዋል። «ሾፌር ኢድሪስ የድርጅቱን ንብረት ያለፈቃድ በማንቀሳቀሱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል። ለትብብራችሁ እናመሰግናለን።» ወዲያው ከግሩፑ አስወጡት። ጠዋት ለአንድ ሰው ነፍስ ያልተስማሙ ሰዎች፣ አንድን ሰው ለማባረር ምን ያህል ፈጠኑ!

ለኢድሪስ አነበብሁለት። «ማሌሽ፣ ይሁን» ብሎ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

እኔ ከግሩፑ ወጣሁ። ማንንም አላማከርሁም፤ መተንፈሻ ስላጣሁ ነው። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤታችን ካምፕ ሾፌር ወጣ። ከዚያ ሌላው። ወሬው ኩሽኔታ በሚፈላለጉበት ፍጥነት ከካምፕ ካምፕ ሄደ፤ ሲመሽ ግሩፑ ውስጥ የቀሩት አለቆቹ ብቻ ነበሩ አሉ።

ኩባንያው ነገሩን እንዲያጣራ ሰው ላከ። የመጣበት ፒክአፕ ገና ከአስፋልቱ እንደወረደ ዋልካው ዋጠው። ሰውየው ግሩፑ ላይ «የሚጎትተኝ ትራክተር ላኩልኝ» ብሎ ጽፎ ጠበቀ፤ ማን ያንብብለት? ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ካምፕ ገባ። ውኃ ሰጠነው፣ ወይካም አበላነው። ከዚያ «ትራክተሩ እንዲወጣ ያዘዘው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ተገኘ።

«ግሩፑ ላይ ግን አልጻፉም…»

«እኔ የተማርሁት በአፌ ማዘዝ ነው። ልጁ ቢሞት ኖሮ እጽፍ ነበር፤ ደኅና ሆነና ሳልጽፍ ቀረሁ።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ እዚያ ሆኖ ሲያየው ነገሩ ገብቶታል። ሲመለስ መመሪያው ተነሣ፤ ለታመመ ሰው የካምፑ ኃላፊ ራሱ እንዲወስን ተፈቀደ። ኢድሪስንም ይቅርታ ጠይቆ እንዲመለስ አሉት። «ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ትራክተሩን?» ብሎ ድንበር ተሻግሮ ገላባት ሥራ ያዘ። አያ ተገኘ አጨዳውን አስጨረሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የጠራቸው የለም።

ይሄን ሁሉ ልረሳው እችል ነበር። የማልረሳው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ኩባንያው በማኅበራዊ ገጹ ላይ አንድ ፎቶ አወጣ። አያልነህ ነው፤ ጆንያ ላይ ተኝቶ፣ ዐይኑ ተገልብጦ፣ እኔ ኩይሳው ላይ ሆኜ ለልመና የላክሁት ፎቶ። ከበላዩ «የዲጂታል ትብብራችን ሕይወት አተረፈ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ከሥሩ ሰው ሁሉ እያመሰገነ። እውነቱን አስተያየት አድርጌ ጻፍሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ደግሜ ጻፍሁ፤ እኔንም አገዱኝ። በማግስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክቤ ወደ ጎንደር ወጣሁ።

ኢድሪስ የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመልሷል። አሁን ሸሕዲ የሰው ትራክተር ይነዳል፤ ሲደወልለት ያነሳል። አንድ ቀን ያንን ፎቶ ሳስታውሰው ሳቀብኝና «አንች አሁንም ትናደጃለሽ?» አለኝ። አዎ፣ እናደዳለሁ። በመሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያውማ ኩሽኔታ አገናኝቶልናል። የምናደደው ብዙ ሆነው ከጀርባው በሚደበቁ ሰዎች ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ የሠራውን ደግ ሥራ፣ እሱን አባርረው፣ «እኛ» ብለው ሲፈርሙበት ዝም ማለት አልችልም። ለዚህ ነው ስልጠናው ላይ አሰልጣኙ «ጥያቄ ካለ» ሲል እጄን ያወጣሁት። «ሁሉም አይቶት ማንም ካልመለሰ ተጠያቂው ማነው?» አልሁት። ልጁ ማያ ገጹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኃላፊዎቻችንን አየ። ኃላፊዎቻችን እርስ በርሳቸው ተያዩ።