ሄቲ አራት ስም አልሰፋም ያለችበት ሳምንት

ሄቲ ብሮስቶፍ መንገድ ላይ ቁልፉ የላላ ሰው ካየች አታሳልፍም። "ቁም! እንዲህ ተዝረክርከህ የት ልትደርስ ነው?" ብላ፣ ሁልጊዜ ኮሌታዋ ላይ የምትሰካውን መርፌ ነቅላ፣ እዚያው ሰፍታ ታሰናብተዋለች። አንዴ የከተማውን ከንቲባ እንደዚህ አድርጋ አቁማው በዓይኔ አይቻለሁ። ሊድስ ውስጥ ተወልዳ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ልብስ ፋብሪካ ገብታ፣ አርባ ዓመት ካፖርት ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። አሁን ሰባ አራት ሞልቷታል፤ ምላሷ ግን ገና ሃያውን አላለፈም።

እኔ ሞሪን እባላለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ። ከሄቲ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ነን። በፊት ዓርብ ማታ ነበር የምንሰበሰበው። ሄቲ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ "ዓርብ ማታ የሰንበት ሻማዬን አበራለሁ እንጂ የእናንተን ጭቅጭቅ አልሰማም" አለች፤ ወደ ሐሙስ አዛወርነው። ባነሮቻችንን ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ስትጨርስ ጥጉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ ትተክላለች፤ ፊርማዋ ናት። ቁልፏ የሌለችበት ባነር ይዘን ወጥተን አናውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በከተማችን የሴቶች መጠለያ ነው። ተደብድበው ከቤታቸው የሚወጡ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት ነው፤ ግማሾቻችን አንድ ወቅት ያረፍንበት ነው፤ እኔም ጭምር። በዚያ ቤት ማን ይግባ፣ ሴት የሚባለውስ ማን ነው የሚለው ደንብ በአንድ ወር ውስጥ ተለወጠ። ደንቡን የጻፈው ባለሀብቶች ገንዘብ የሚያዋጡበት አንድ ትልቅ ፈንድ ነው፤ ከገንዘቡ ጋር ደንቡንም አብሮ ላከው። እኛን የጠየቀን የለም። ሄቲ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ መታች።

"እኔ ፆታውን ከለወጠ ሰው ጋር ጠብ የለኝም" አለች። "ጎረቤቴ ዶን እንደዚያ ናት፤ እሷንም የጠየቃት የለም። ጠቤ ገንዘብ ስላለኝ እኔ ልወስንልሽ ከሚለው ጋር ነው። ገንዘቡን የሰጡትን ሰዎች ስም እንጻፍ፤ ባነር እሰፋለሁ!"

አጨበጨብን። ሰልፉ ለሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሁድ ተቆረጠ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰብሳቢያችን ግሌኒስ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ሥዕል አትማ መጣች። ግሌኒስ ደግ ናት፤ ስትቸኩል ግን ፍሬን የላትም። ሥዕሉ ላይ ለፈንዱ ገንዘብ የሰጡ የአራት ሰዎች ስም አለ፤ ከላይ አንድ ትልቅ እጅ ከተማን እንደ አሻንጉሊት በክር ያንቀሳቅሳል። "በቃ፣ ይሄንን ነው የምትሰፊልን" አለች። በድምፅ ወሰንን። እጄን አወጣሁ፤ ይኸው እናገራለሁ፣ እኔም እጄን አወጣሁ።

ሄቲ መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ግሌኒስ ገፋችው።

"ይሄን እጅ አውቀዋለሁ" አለች። "አባቴ ልጅ ሳለ እዚሁ ሊድስ፣ በራችን ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ በኖራ ስለውት ነበር። አያቴ በውሃ አጠበው። በማግስቱ ደግመው ሳሉት። እነዚህ አራቱ ሰዎች ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?"

"ባለሀብቶች ናቸዋ!"

"እንደ እኔ አይሁድ ናቸው፣ ግሌኒስ። አራቱም።"

ግሌኒስ ፊቷ ቀላ። "ኧረ እኔ ይሄ በሐሳቤም አልነበረም! ደግሞስ ውሸት ነው እንዴ? አልሰጡም?"

"ሰጥተዋል። አልዋሸሽም፤ መርጠሻል። እስቲ ልጠይቅሽ፣ በጠቅላላ የሰጡት ስንት ናቸው?"

ግሌኒስ ሥዕሉን አየች። እኛም ሥዕሉን አየን። ማንም አያውቅም።

"እንግዲህ ስሙኝ" አለች ሄቲ፣ ኮቷን እየለበሰች። "ይሄ ባነር በአራት ስም ከወጣ፣ በሃያ ሁለት ዓመት የሰፋኋቸውን ቁልፎቼን አንድ በአንድ ቆርጬ እሄዳለሁ። መቀሱ ቤቴ አለ።" ወጣች። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበረኝም። ባሌን ጥዬ መጠለያው የገባሁ ቀን፣ ካፖርቴ ተቀዶ ነበር። የሰፋችልኝ ሄቲ ናት። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ሰፍታ ሻይ አፈላችልኝ። እንግዲህ በዚህች ሴት ላይ ነው እጄን ያወጣሁት! ማክሰኞ በሯን ባንኳኳ፣ "ሥራ ላይ ነኝ፣ ሐሙስ እንገናኝ" ብላ ከውስጥ መለሰችኝ። የስፌት መኪናዋ ሲንጫጫ ይሰማል።

ሐሙስ የተጠቀለለ ጨርቅ ተሸክማ አዳራሹ ገባች። ሰላም አላለችም። አምስት ጠረጴዛ አስገጥማ ዘረጋችው። እጅ የለበትም፣ ክር የለበትም። ከላይ "ሳትጠይቁን ወሰናችሁብን" ይላል፤ ከሥሩ ስሞች፣ ሁሉም በአንድ ልክ ፊደል።

"ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፈንዱ ራሱ ያወጣውን ሪፖርት አነበብኩ" አለች። "አሥራ አንድ ናቸው። ብዙ ከሰጠው ጀምሬ ነው የሰፋሁት። አራቱም አሉበት፤ ለዘመዶቼ አላዳላሁም። ሞሪን፣ ሳትጨቃጨቂ አንብቢው፤ ድምፅሽ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስወርዳል።"

የመጀመሪያውን ስም አነበብኩት። ሰር ክሪስፒን ኦልድሮይድ። ቢራ ጠማቂው። የተቀመጥንበትን አዳራሽ ያሠራው እሱ ነው፤ ማሞቂያውን የሚከፍለው እሱ ነው። በየገናው ኬክ እንጋግርለታለን። ፎቶው ከግሌኒስ ራስ በላይ ተሰቅሎ ፈገግ ብሏል።

ግሌኒስ ዞራ ፎቶውን አየችው።

"ሰር ክሪስፒን እኮ ጥሩ ሰው ነው" አለች ግሌኒስ፣ ቀስ ብላ።

"ይሆናል። አራቱስ? ከአራቱ አንዱን አግኝተሽ ታውቂያለሽ?"

"የለም፣ አላውቅም" አለች ግሌኒስ።

"የምታውቂውን ስም ስትጽፊ ታፍሪያለሽ፤ የማታውቂውን ስትጽፊ እጅ ትስይበታለሽ" አለች ሄቲ። "የባለገንዘብ ጣልቃ ገብነት ካንገበገበን በአሥራ አንዱም ያንገብግበን። ቁልፌን ገና አልተከልኩም። ወስኑ።"

ይህን አዳራሽ ብናጣ መግቢያ እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ እጄን አወጣሁ፤ በዚህኛው አላፈርኩም። ከኔ ቀጥላ ያወጣችው ግሌኒስ ናት። ቀጥሎ ሁሉም። ሄቲ ከኮሌታዋ መርፌዋን ነቅላ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ ሰማያዊዋን ቁልፍ ተከለች።

እሁድ ወጣን። የባነሩን አንድ እንጨት ግሌኒስ ያዘች፣ ሌላውን እኔ። በቢራ ፋብሪካው በር ፊት ስናልፍ ግሌኒስ እንጨቱን ከፍ አደረገችው። ሄቲ ከመሐል ሆና፣ "አታዘንብዪው፣ ስፌቴን ታጣምሚያለሽ!" እያለች ትጮህባታለች።

ሐሙስ አዳራሹ ተቆልፎ ጠበቀን። በሩ ላይ ከአዳራሹ ኮሚቴ የተጻፈ ደብዳቤ ተለጥፏል፤ ከእንግዲህ ቦታ የለንም ይላል። ግሌኒስ ነቅላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"አራቱን ብቻ ይዘን ወጥተን ቢሆን ኖሮ" አለች፣ "ይሄ ደብዳቤ አይመጣም ነበር።"

ሄቲ ደብዳቤውን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ግሌኒስን ክንዷን ያዘቻት።

"በሉ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ። እኔ ቤት እንሂድ" አለች። "ወንበር ስለማይበቃ ወጣቶቹ መሬት ትቀመጣላችሁ። ግሌኒስ፣ ያ የኮትሽ ቁልፍ ደግሞ ሊወድቅ ነው፤ ነይ ወዲህ።"